«ኳስ ያልሆነለት አሰልጣኝ ይሆናል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ አንድ የአካባቢያችን ልጅ ነው። ልጁ ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። ጥቂት ዓመት ከተጫወተ በኋላ የመን ሄደ። ከዚያ ኑሮ ወደ አሜሪካ ወሰደው፤ እዚያው ቀረ። አሁን ታዳጊዎችን ያሰለጥናል። ጽሑፉ ስሙን አልጠራም። እሱም እንዲጠራ ስለማይፈልግ እኔም አልጠራውም። የሚያውቀው ያውቀዋል።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ውጪ ሄዶ ኳስ ያልሆነለት አሰልጣኝ ይሆናል። የሕፃናት አሰልጣኝነት ደግሞ ከሥራ አይቆጠርም። ላይሰንስ የሚባለው የአሰልጣኝነት ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ያለ ወረቀትም ዋንጫ በልተናል። አገሩን የሚወድ ቢሆን ተመልሶ እዚህ ባሰለጠነ። ያፈራው አካባቢ ከእሱ ያተረፈው ነገር የለም። ደግሞስ ደጋው ለሩጫ እንጂ ለኳስ አልተፈጠረም፤ ልጆቹን በከንቱ ተስፋ አናድክማቸው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ቁጭታቸው ግን የእኔም ቁጭት ነው። ጎበዝ ልጅ ባፈራን ቁጥር ስንሸኝ ነው የኖርነው። በቁጭቱ እንስማማለን፣ በፍርዱ ግን አልስማማም። እዚሁ ከተማ የታዳጊ ፕሮጀክት ይዤ አሰለጥናለሁ። ጽሑፉን ልጆቹ አንብበውታል። አንዱ ታኬታውን እያሰረ «ኮች፣ ሰውዬው እውነት ከስሮ ነው አሰልጣኝ የሆነው?» አለኝ። ለዚህ ልጅ የሚገባው መልስ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የምጽፈው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ኳስ ያልሆነለት…» ከሚለው ልጀምር።

ኳስ እስከ መጨረሻው የሚሆንለት ሰው የለም። ተጫዋች 35 ዓመት ሲሞላው አረጀ ነው የሚባለው። ጉልበት ያልቃል፣ ቁርጭምጭሚት ይከዳል። በእኛ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት። የመን በጦርነት ስትታመስ ሊጉ ቆመ። እዚያ እየተጫወቱ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን እንጀራው ባንዴ ተቋረጠ። ይህን አይቶ «አልሆነለትም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሰልጣኝነት በተጫዋችነት የተሸነፉ ሰዎች መጠለያ ቢሆን ኖሮ ስቴፈን ኬሺ የሚባል ሰው አናውቅም ነበር። ኬሺ በ1994 በአምበልነት ከናይጄሪያ ጋር የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ። ቤልጂየም ውስጥ ለአንደርሌክት ተጫውቷል። በኋላ አሜሪካ ሄዶ አሰልጣኝነትን ተማረ። በ2013 ያንኑ ዋንጫ በአሰልጣኝነት ለአገሩ አመጣ። ከግብጹ ማህሙድ ኤል ጎሃሪ ቀጥሎ ዋንጫውን በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የወሰደ ሁለተኛው ሰው ሆነ።

የ2013ቱን ውድድር እኛም አንረሳውም። ከ31 ዓመት በኋላ የተመለስንበት ነው። ከዛምቢያ ጋር ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ፣ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ስንወጣ የጮህነው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ናይጄሪያ በቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ረታችን። ያሸነፉን ሁለቱ ቡድኖች ናቸው ለፍጻሜ የቀረቡት። ናይጄሪያ በረታችን ቀን ተቃራኒው ወንበር ላይ የተቀመጠው ኬሺ ተሰዶ የተማረ አሰልጣኝ ነበር።

የራሳችንም ሰው አለ። አብርሃም መብራቱ የመን ሄዶ ዓመታት ሠራ። የመንን ለ2019 የእስያ ዋንጫ ያሳለፈው እሱ ነው፤ የተዋሐደችው የመን ከዚያ በፊት እዚያ መድረክ ላይ ደርሳ አታውቅም። በ2018 ደግሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ብሔራዊ ቡድናችንን ያዘ። ሰው ይሄዳል፣ ይማራል፣ አንዳንዱ ይመለሳል። የማይመለሰውም የተማረውን አይረሳም።

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ነጥብ ልግባ። «ሕፃናት ማሰልጠን ሥራ አይደለም» የሚለው።

ጸሐፊው አሜሪካ ያለው ልጃችን ቀን ቀን ሌላ ሥራ ሠርቶ ማታ ማታ ሜዳ እንደሚገባ እንደ ነውር ጠቅሰውታል። አዎ፣ እንዲያ ነው የሚሠራው። እዚያ አገር የታዳጊ ክለብ የሚተዳደረው በአመዛኙ ወላጅ በሚከፍለው ገንዘብ ነው። ልጆቹ ከትምህርት የሚወጡት ከሰዓት ስለሆነ ልምምዱ ማታ ነው፣ ጨዋታው ቅዳሜና እሁድ። ብዙው አሰልጣኝ ሌላ ሥራ አለው። እኛስ ጋ? እዚህ ያለን የፕሮጀክት አሰልጣኞች ከኳሱ ብቻ የምንበላ ነን እንዴ? መምህር አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ። ሁለት ሥራ ሠርቶ ልጅ ማሳደግ የሚያስከብር ነገር ነው።

«ሕፃን ማሰልጠን» ሲባል ደግሞ ኳስ በትኖ ፊሽካ መንፋት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ልጃችን እዚያ የሚሠራበትን ደንብ ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች የሚጫወቱት በእያንዳንዱ ቡድን 4 ልጅ ሆነው፣ 4 ለ 4 ነው። ከ10 ዓመት በታች 7 ለ 7፣ ከ12 በታች 9 ለ 9። 11 ለ 11 የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳው በዚያው ልክ ያንሳል፣ ጎሉ ያንሳል፣ ኳሱም ቁጥር 3፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 5 እያለ ነው የሚያድገው። 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ኳስ በጭንቅላቱ እንዲገጭ አይፈቀድም። ከ11 እስከ 13 ያሉትም በልምምድ ላይ የተወሰነ ነው የሚፈቀድላቸው። ምክንያቱ የአንጎል ጉዳት ፍርሃት ነው። አሰልጣኙ ራሱ ልጆቹ ፊት ከመቆሙ በፊት የወንጀል ታሪኩ ይጣራል። ልጅን ከጥቃት ስለመጠበቅ ኮርስ ይወስዳል።

እኛ ጋ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በአዋቂ ሜዳ ላይ ቁጥር 5 ኳስ ሲያሳድድ ይውላል። ሜዳው ትልቅ ስለሆነ ሮጦ የሚደርስ ጠንካራ ልጅ ብቻ ኳስ ይነካል። ቀጭኑ፣ ብልሁ፣ ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ዳር ላይ ቆሞ በውርጭ ሲንዘፈዘፍ ያረፍዳል። ስንት ጥሩ ተጫዋች እንዲህ ዳር ላይ ቀርቶ ይሆን? ይህ የገንዘብ ችግር ብቻ አይደለም። ሜዳን በአራት ድንጋይ መከፋፈል ብር አይጠይቅም።

አሜሪካ ስላለው ልጃችን አሰልጣኝነት ያሳመነኝን አንድ ነገር ልናገር። የልጆቻችንን ጨዋታ በስልክ ቀርጬ እልክለታለሁ። አንዴ ስለ አንድ የመሀል ተጫዋች ጠየቀኝ። ተጫዋቹ ቴክኒኩ ጥሩ ነው፣ ግን ኳስ ሁልጊዜ ይነጠቃል። ሁላችንም «ጉልበት ያንሰዋል» ነበር የምንለው። እሱ ቪዲዮውን መልሶ መላልሶ አይቶ «ኳሱ ከመምጣቱ በፊት አንገቱን ተመልከት» አለኝ። አየሁ። ልጁ ኳሱ ላይ ካፈጠጠ ወዲያ ወዲህ አያይም። ከኋላው ማን እንዳለ ሳያውቅ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የሚዞረው ሁሌ ወደ ተቃራኒው ተጫዋች እግር ነው።

መድኃኒቱንም ነገረኝ። አንድ ልጅ ያቀብላል፣ አንድ ልጅ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ከተቀባዩ ኋላ ቆሞ ጣቶቹን ያነሳል። ተቀባዩ ኳሱን ከመንካቱ በፊት ዞር ብሎ አይቶ ስንት ጣት እንደተነሳ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። «ሦስት!» ካለ በኋላ ነው የሚነካው። መጀመሪያ ቀን ኳሱ በልጁ እግር መሀል እያለፈ ሁሉም ሳቁበት። እየቆየ ግን አንገቱ ለመደ። አሁን ኳስ ከመድረሱ በፊት በሁለቱም ትከሻው አይቶ ይጨርሳል፤ ሲቀበል ሰውነቱ ግማሽ ዞሮ ነው። ጉልበቱ ያው ነው፣ አልጨመረም። ኳስ መነጠቁ ግን በጣም ቀንሷል።

ይህን ነገር አሰልጣኙ ልጃችን የመን ሲጫወት አያውቀውም ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ። ሲጫወት እግሩ ያደርገው ነበር እንጂ እንዴት እንደሚያደርገው ለሌላ ሰው ማስረዳት አይችልም ነበር። የተማረው ተጫዋችነትን ከተወ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ በማያውቀው ቋንቋ ነው። አሰልጣኝነት ሌላ ሙያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ስለ ላይሰንሱም መልስ ይሆናል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከዲ ተነስቶ እስከ ፕሮ የሚደርስ የላይሰንስ ደረጃ አለው። አሜሪካኖቹም ከታች የጀማሪ አጫጭር ኮርሶች አሏቸው፣ ከዚያ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ፕሮ ላይ ያበቃል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ከራስህ ቡድን ጋር ስትሠራ ቆመው ያዩሃል፣ ያርሙሃል። በገንዘብ ተገዝቶ ኪስ የሚገባ ወረቀት ቢሆን እኔም ከጸሐፊው ጋር በቆምኩ።

«ያለ ወረቀት ዋንጫ በልተናል» ለተባለው፣ ያ ዋንጫ የሁላችንም ኩራት ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈናል። ነገር ግን ያኔ የተወዳደሩት 4 አገሮች ናቸው። ቱኒዚያን አሸንፈን በቀጥታ ለፍጻሜ አለፍን። ዛሬ 24 አገሮች ይገባሉ፣ ለመግባትም ረጅም ማጣሪያ አለ። የዚያን ዘመን ጀግኖች የምናከብራቸው ከሆነ ዘመናቸውን ከዛሬው ጋር አናደባልቅባቸው።

ደግሞ ስለ 1962 ካነሳን የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የት ደረሰ? ያን ዋንጫ ያነሳው፣ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን ያሰለጠነው ሰው በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ተሰደደ። ጣሊያን ኖሮ በ2022 እዚያው አረፈ። ጸሐፊው «የቀረ ሰው ከሃዲ ነው» በሚል መንፈስ ነው የጻፉት። በዚያ ሚዛን ከሄድን ታላቁን አምበላችንን ራሱን ልንኮንን ነው። ሰው የሚሰደደው በብዙ ምክንያት ነው። የሚያሳዝነኝ አብሮት የሄደው እውቀት ነው።

«ለምን ተመልሶ አያሰለጥንም?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ቤተሰብ አለው፣ የሚማሩ ልጆች አሉት። እዚህ ቢመጣ ምን ደሞዝ ልንከፍለው ነው? የትኛው ሜዳ ላይ? አካባቢያችን ያለፈበትንም ጸሐፊው ያውቁታል። አጣዬ ተቃጥላለች። ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ጦርነት አልፎባቸዋል። ደብረ ብርሃን የተፈናቀሉ ወገኖቻችንን አስጠልላ ኖራለች፤ ልጆቻቸው እኛ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። በዚህ መሀል «ሁሉን ጥለህ ና» ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው።

ደግሞም በእኛ ምድር ከተሰደደ አሰልጣኝ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ። አበበ ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው ጃቶ ነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ወርቅ ሲያመጣ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ሲደግመው፣ አሰልጣኙ ማን ነበር? ኦኒ ኒስካነን። ፊንላንድ የተወለደ፣ ስዊድን ያደገ፣ በ1946 ኢትዮጵያ የመጣ ሰው። አገሩ «ለምን የእኛን ልጆች አላሰለጠንክም» ብላ ብትይዘው ኖሮ የሸዋው ልጅ ያን ሰው ሳያገኝ ይቀር ነበር። እኛ ከሌላ አገር ስደተኛ አሰልጣኝ ተጠቅመን ታሪክ ሠርተናል። አሁን የእኛ ልጅ በተራው የሰው አገር ልጆችን ቢያሰለጥን ምኑ ያስወቅሰዋል?

መምጣት ያልቻለ ሰው የሚያውቀው ግን ሊመጣ ይችላል። ሰሜን አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ውድድር ያዘጋጃል። በዚያ የሚሰበሰቡ የቀድሞ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ በወር አንድ ቅዳሜ ለአንድ የወረዳ አሰልጣኝ ቪዲዮ አይቶ አስተያየት ቢሰጥ ምን ያህል ነገር ይለወጣል? እኔ ከአንድ ሰው ብቻ ያገኘሁትን አይቼ ነው የምናገረው። መሀል ሜዳ፣ እነዋሪ፣ ዓለም ከተማ ያሉ አሰልጣኞችም ስልክ አላቸው። የጎደለው የሚያገናኛቸው ሰው ነው።

ስለ ደጋው ብዙ አልልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ እውነት ነው፣ ትንፋሽ ይፈትናል። ግን ቦሊቪያ ላ ፓዝ ላይ በ3,600 ሜትር ገደማ ለብዙ ዓመታት ተጫውታለች። በ1993 ብራዚልን እዚያ 2 ለ 0 አሸንፋለች፤ በ2009 አርጀንቲናን 6 ለ 1። ከፍታው ከኳስ ጋር የሚጣላ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። ሰሜን ሸዋም ደጋ ብቻ አይደለም። ጣርማ በርን አልፈው ደብረ ሲናን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጋቢውን አውልቀው ነው የሚገቡት። አንድ ዞን ውስጥ ደጋም ቆላም ያለው አካባቢ ለስፖርት በረከት ነው። ሩጫውም ይሩጥ፣ ኳሱም ይጫወት።

የመጨረሻው «አካባቢው ምን አተረፈ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክለኛ ጥያቄ አንስተዋል። የወቀሱት ሰው ግን ሌላ መሆን ነበረበት።

ፊፋ ለዚህ ጉዳይ ሕግ አለው። ተጫዋች ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዘዋወር ከዝውውሩ ላይ 5 በመቶው ተነስቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላሳደገው ክለብ በየዓመቱ ሩብ በመቶ ይደርሰዋል። ከ16 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደገው ደግሞ በየዓመቱ ግማሽ በመቶ። አንድ ልጅ እዚህ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ አድጎ ሲያበቃ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ ያሳደገው ክለብ 10,000 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ስንት ኳስ፣ ስንት ማሊያ፣ ስንት ታኬታ እንደሚገዛ ጸሐፊው ያስሉት። ከዚህ ሌላ የማሰልጠኛ ካሳ የሚባል ክፍያም አለ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ፊፋ እነዚህን ክፍያዎች አስልቶ የሚያከፋፍል ራሱን የቻለ ተቋም አቋቁሟል።

ገንዘቡ የሚመጣው ግን ልጁ በፌዴሬሽን በታወቀ ክለብ ስም ተመዝግቦ ከሆነ ነው። የትኛው ዓመት የት ተጫወተ የሚለው በመዝገብ መገኘት አለበት። ዛሬ ሰፈር ሜዳ ላይ የምናሰለጥናቸው ልጆች አብዛኞቹ በየትም መዝገብ የሉም። የልደት ሰርተፊኬት የሌላቸውም አሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ ውጪ ቢሸጥ እኛ «የኛ ልጅ ነው» ብለን ከመጨብጨብ በቀር የምናሳየው ማስረጃ የለንም። አካባቢው ያላተረፈው በዚህ ነው።

ይህን ሕግ ያስረዳኝ ጸሐፊው «ምንም አልሰጠንም» ያሉት ሰው ነው። ምን ምን መያዝ እንዳለበትም ዘርዝሮ ላከልኝ። የልጁ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የልደት ሰርተፊኬት ቅጂ፣ የወላጅ ፊርማ፣ ልምምድ የጀመረበትና የጨረሰበት ወር። ለልጆቹ ሁሉ ይህን መሙላት ጀምረናል። የቀረን ፕሮጀክታችንን በፌዴሬሽን ከተመዘገበ ክለብ ጋር በውል ማሰር ነው። ውል መጻፍ እኔ አልችልበትም። ጸሐፊው ጽሑፋቸው ላይ የሕግ ባለሙያ መሆናቸውን ገልጸዋል። ውሉን ቢያረቁልን፣ ወይም የሚያረቅ ሰው ቢጠቁሙን፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰነዶቹን ባሉበት ድረስ ይዤ እመጣለሁ።